የተሸነፈውን አሠልጣኝ ስለ መውቀስ

ሰው በሠራው መልካም ሥራ መመስገኑ፥ ባጠፋውም ጥፋት መወቀሱ ተገቢ መሆኑን የሚክድ የለም። ክርክሩ የሚነሣው ሥራው የብዙዎች ሆኖ ሳለ ምስጋናው ወይም ወቀሳው ተጠቅልሎ በአንድ ሰው ራስ ላይ ሲወድቅ ነው። ይህ ክርክር በዛሬው ዘመን በሸንጎ ከሚሰማው ይልቅ በቡና ቤት፥ በታክሲ ውስጥና በሬዲዮ የስፖርት ሰዓት የሚሰማው ይበዛል። አንድ ቡድን ሁለት ሦስት ጊዜ የተሸነፈ እንደ ሆነ፥ «አሠልጣኙ ይውረድ» የሚለው ጩኸት ወዲያው ይሰማል፤ ከሚጮኹት ውስጥ ግን ሰውየው ምን ማድረግ ሲገባው ምን እንደ ተወ ለይቶ የሚናገር ጥቂት ነው።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የእንግሊዝ አገር ክለቦችን አሠልጣኞች ምሳሌ ማድረግ ይቀል ነበር፤ ወጣቶቻችን የእነዚያን ስም ከሠፈራቸው ሽማግሌ ስም ይልቅ አጥርተው ያውቃሉና። እኔ ግን የራሳችንን ሰው፥ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችንን ይመሩ የነበሩትን አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻውን መርጫለሁ። ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ በዚያ ጊዜ ሕፃናት ነበራችሁ። ነገሩ ዛሬ በርዷል፤ የበረደ ነገር ደግሞ ለመመርመር ይመቻል።

በመጀመሪያ ደስታውን እናስታውስ። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደች አገር ስትሆን፥ ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ግን ለዚያ ውድድር ሳትደርስ 31 ዓመት ሞላት። ከዚህ በኋላ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸነፈች። በሱዳን ሜዳ የተደረገውን ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፋ ስለ ነበር የሁለቱ ጨዋታ ድምር 5 ለ 5 ሆነ፤ በሰው ሜዳ ባገባቻቸው ሦስት ግቦች ብልጫም ኢትዮጵያ አለፈች። አዲስ አበባ በዚያ ሌሊት አልተኛችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሠልጣኙም በየሰዉ አፍ ተመሰገኑ፤ ሽልማትም ጎረፈ። ልብ በሉ፤ ያን ዕለት አንድ ግብ ብትጎድል ኖሮ ያው ሰው፥ ያንኑ ልምምድ አሠርተው፥ ያንኑ ቡድን አሰልፈው፥ በማግሥቱ ውረዱ ይባሉ ነበር። የምስጋናችንና የወቀሳችን ልዩነት አንዲት ኳስ ከሆነች፥ የምንመዝነው የሰውየውን ሥራ ሳይሆን የኳሲቱን መንከባለል ነው ማለት ነው።

ውድድሩ በጥር ወር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ተደረገ። የመጀመሪያው ጨዋታችን ከዛምቢያ ጋር ነበር፤ ዛምቢያም ያለፈውን ዋንጫ የወሰደች አገር ነበረች። በዚያ ቀን ሳላዲን ሰይድ የመታውን የፍፁም ቅጣት ምት የዛምቢያው ግብ ጠባቂ መለሰበት። ጥቂት ቆይቶ የእኛ ግብ ጠባቂ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ከዕረፍት በፊትም ግብ ገባብን። በዚህ ላይ ከደጋፊዎቻችን አንዳንዶቹ ጠርሙስና ጥሩንባ ወደ ሜዳ ወረወሩ። (እነዚህ ሰዎች ኋላ አሠልጣኙን ሥርዐት አላስተማረም ብለው ቢወቅሱ አይደንቀኝም።) ዳሩ ግን ያ ቡድን በዐሥር ሰው ከዕረፍት ተመልሶ፥ አዳነ ግርማ አግብቶ፥ ጨዋታውን 1 ለ 1 ጨረሰ። በዚህ ቀን የአሠልጣኙ እጅ ታይቷል ቢባል እውነት ነው። ሰው የጎደለበትን፥ የተናደደውንና ተስፋ ለመቁረጥ የቀረበውን ቡድን በዕረፍቱ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ማስተካከል የሌላ የማንም ሥራ አይደለምና።

ከአራት ቀን በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር ስንጫወት በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ግብ ገባብን፤ ከዕረፍት በኋላ ግን የእነርሱ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ወጣ። አሁን ሰው የጎደለው በእነርሱ በኩል ነው። አገር ሁሉ እፎይ ብሎ አሁን እናገባለን ብሎ ሲጠብቅ፥ ዐሥራ አንዱ የእኛ ልጆች በዐሥሩ ሦስት ግብ ተጨመረባቸው፤ ጨዋታውም 4 ለ 0 አለቀ። ናይጄሪያን ደግሞ እስከ ሰማንያኛው ደቂቃ ድረስ ባዶ ለባዶ ይዘናት ከቆየን በኋላ ቪክቶር ሞሰስ በሁለት የፍፁም ቅጣት ምት 2 ለ 0 አሸነፈን። አንድ ነጥብና አንድ ግብ ይዘን ተመለስን።

እንግዲህ ሚዛኑን እዚህ ላይ እናንሣ። በሠንጠረዡ ላይ የሚታየው ቁጥር ሦስት ጨዋታ፥ አንድ ነጥብ ነው፤ ከዚህ ቁጥር ብቻ የሚነሣ ሰው ሦስቱንም ጨዋታ በአንድ ከረጢት ጨምሮ አሠልጣኙን ይቀጣበታል። እኔ ግን ሦስቱ ጨዋታዎች ሦስት የተለያየ ፍርድ ይሻሉ እላለሁ። የዛምቢያው ምስጋና ይገባዋል። የናይጄሪያው ከሚበልጥ ቡድን ጋር ሰማንያ ደቂቃ የተደረገ ትግል ስለ ሆነ ነውር የለበትም። የቡርኪና ፋሶው ግን ወቀሳ ይገባዋል፤ ወቀሳውም ከሁሉ ይልቅ ለአሠልጣኙ ነው። አንድ ሰው የጎደለበት ቡድን ወደ ኋላ ተሰብስቦ መጠበቅን፥ ተቃራኒው ጓጉቶ ሲመጣም በፍጥነት መልሶ ማጥቃትን ተስፋ እንደሚያደርግ ኳስ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በጉጉት የሚሮጠውን ልጅ ገትቶ ቀስ በል፥ ኋላህን ተመልከት የሚለው ከሜዳው ዳር የቆመው ሰው ነው። ተጫዋቹ በሙቀት ውስጥ ነው፤ አሠልጣኙ የሚከፈለው በሙቀቱ ውስጥ ስለማይገባ ነው። ይህን ወቀሳ ከሰውነት ቢሻው ትከሻ ላይ ማንሣት አይቻልም፤ በወዳጅነትም ቢሆን ማንሣት አይገባም።

ከዚህም ጋር ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። የዚያ ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ የተደረገው በናይጄሪያና በቡርኪና ፋሶ መካከል ነበር፤ ናይጄሪያም 1 ለ 0 አሸንፋ ወሰደች። ይኸውም ማለት በአንድ ምድብ ውስጥ ያገኘናቸው ሦስቱ ቡድኖች አንዱ የቀድሞው ባለ ዋንጫ፥ አንዱ የአዲሱ ዋንጫ ባለቤት፥ አንዱም ሁለተኛ የወጣው ነበሩ። ሸክሙን ሳይመዝኑ ተሸካሚውን ደካማ ማለት ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ ይገኝለታል?

አሁን ወደ ካርዱ ነገር ልምጣ፤ ይህ ጉዳይ ብዙ የሚያስተምር ነውና ጥቂት ልቆይበት። በዚያው ዓመት ለ2006 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ የሚደረገው ማጣሪያ እየተካሄደ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቡድናችን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀን ደግሞ በአዲስ አበባ ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሁለተኛዪቱን ግብ የደቡብ አፍሪካው ተጫዋች በራሱ ግብ ላይ አስቆጥሯት ነበር። ነጥባችን 13 ደረሰ፤ አንድ ጨዋታ እየቀረ ምድቡን ጨረስነው ተብሎ ሕዝቡ በእልልታ ወደ አደባባይ ወጣ። በዚያው ቀን ፊፋ በቦትስዋናው ጨዋታ ላይ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። በሁለት ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ በሦስተኛው መቀመጥ የሚገባው አንድ ተጫዋች ተሰልፎ ተገኝቷል። (ስሙን አልጠራም፤ ግባ ተብሎ የገባ ልጅ ጥፋት የለበትምና።) ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አልካደም። ጨዋታው ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተብሎ ተመዘገበ፤ ነጥባችን ከ13 ወደ 10 ወረደ፤ የገንዘብ መቀጫም ተጨመረበት።

ጥፋቱ የማን ነበር? በዚያ ሳምንት የተባለውን የሰማ ሰው፥ አንዱ ወገን በአሠልጣኙ ላይ፥ ሌላው በቡድን መሪው ላይ፥ ሌላው በጽሕፈት ቤቱ ላይ ሲጥል ያስታውሳል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ነገሩን በቅን ዓይን ለሚያይ ግን ድርሻው ግልጥ ነው። የካርድ መዝገብ መያዝ፥ ከፊፋ የሚመጣውን ወረቀት ማንበብ፥ ማን እንደሚፈቀድለትና ማን እንደማይፈቀድለት ከጨዋታው በፊት ለአሠልጣኙ ማሳወቅ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው። ለዚሁ ተብሎ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች አሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን አሠልጣኙ ፈጽሞ ንጹሕ ነው አልልም፤ ዐሥራ አንድ ስም በእጁ የሚጽፍ ሰው ከእነዚያ ውስጥ የትኛው ቢጫ እንዳለበት በኪሱ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቢያሰፍረው አይከብደውም ነበር። ስለዚህ ከዚህ ጥፋት ጥቂቱ የእርሱ ነው፤ ብዙው የጽሕፈት ቤቱ ነው።

ደግሞም ከዚያ በኋላ የሆነውን እንይ። ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. በብራዛቪል በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ቡድኑ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ እንደገና 13 ነጥብ ያዘ፤ ደቡብ አፍሪካ በ11 ቀረች። ሌሎች በወረቀት ላይ የጣሉትን ነጥብ አሠልጣኙና ልጆቹ በሜዳ መልሰው ለቀሙት። በዚህ የተመሰገኑት ግን እምብዛም አይደለም፤ ምክንያቱም የምስጋናው ሰዓት በሰኔ አልፎ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ናይጄሪያ ነው። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኃይሉ አሰፋ አግብቶ መርተን ነበር፤ ናይጄሪያዎች ሁለት አግብተው፥ ሁለተኛውንም በጨዋታው ማብቂያ በፍፁም ቅጣት ምት፥ 2 ለ 1 አሸነፉ። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0። የዓለም ዋንጫው በር እዚያ ላይ ተዘጋ። ከሁለት ወር በኋላም በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሳተፉበት ቻን የሚባለው ውድድር በደቡብ አፍሪካ ተደረገ፤ በዚህ ቡድናችን በሊቢያ 2 ለ 0፥ በኮንጎ 1 ለ 0፥ በጋና 1 ለ 0 ተሸንፎ አንድም ግብ ሳያገባ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ፌዴሬሽኑ አሠልጣኙን አሰናበተ።

በሦስት ጨዋታ ግብ አለማግባት ያሳፍራል፤ ይህን አልሸፍንም። ነገር ግን በግብፅ ይጫወት የነበረው ሳላዲንና በደቡብ አፍሪካ ይጫወት የነበረው ጌታነህ ከበደ በደንቡ መሠረት ሊሰለፉ አይችሉም ነበር። ሁለቱን አጥቂዎቹን በደንብ የተነጠቀ አሠልጣኝ ግብ ቢያጣ፥ ጥያቄው ሁለት ነው፦ እርሱ ለምን ሌላ መንገድ አላዘጋጀም? የአገሩ ሊግስ ለምን ሌላ አጥቂ አላበቀለለትም? የመጀመሪያው ለሰውነት ቢሻው ነው፤ ሁለተኛው ለእርሱ አይደለም። በተጨማሪም የዚያ ዓመት ቻን የመጨረሻ ጨዋታ በማን መካከል እንደ ነበረ ልንገራችሁ፤ በሊቢያና በጋና መካከል ነበር፤ ሊቢያም በመለያ ምት ወሰደችው። በሁለቱም ውድድር ለዋንጫ የደረሱት ሁለቱ ቡድኖች ከእኛው ምድብ የወጡ ነበሩ። ኮንጎ ግን ከምድቡ ያላለፈ ቡድን ስለ ሆነ፥ በእርሱ መሸነፋችን በዚህ ማመካኛ አይሸፈንም።

ከሁሉ የሚበረታው የተቃራኒዎቹ ክርክር ይህ ነው፦ ሲያሸንፍ ክብሩን ለብቻው የወሰደ ሰው ሲሸነፍ ነቀፌታውን ለብቻው ይውሰድ። ይህ ቃል በመጀመሪያ ሲሰሙት የቀና ይመስላል። ዳሩ ግን ጠጋ ብለው ሲመረምሩት፥ አንዱን ስሕተት በሌላ ስሕተት ማካካስ ሆኖ ይገኛል። ሱዳንን ባሸነፍን ጊዜ ክብሩን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ የደፋነው እኛ ነን፤ ያንን ማድረጋችን ልክ ካልነበረ፥ ነቀፌታውን ሁሉ በእርሱ ላይ መድፋት እንዴት ልክ ሊሆን ይችላል? የበዛ ሙገሳ የተቀበለ ሰው ሙገሳውን ቢመልስ እንጂ ያልሠራውን ጥፋት ቢሸከም ሒሳቡ አይዘጋም።

እኔ በመምህርነት ብዙ ዓመት ስሠራ ይህንኑ በሌላ መልክ አይቼዋለሁ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ሳስተምር፥ ለስድሳ ልጆች የነበሩን መጻሕፍት ዐሥራ አምስት አይሞሉም ነበር። የፈተናው ውጤት ሲመጣ የተጠራው መምህሩ ነው፤ መጽሐፍ የማቅረብ ኀላፊነት የነበረበት ሰው ከጠሪዎቹ አንዱ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥፋተኛ በሚፈለግበት ስብሰባ ሁሉ አስቀድሜ የማየው ማን እንደ ቆመ ሳይሆን ማን እንደ ተቀመጠ ነው።

ፌዴሬሽኑም በዚህ ነገር ተቀማጭ ነበር። አሠልጣኝ ማሰናበት ከሥራ ሁሉ የሚቀል ነው፤ አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል። ታዳጊዎችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ማሠልጠን፥ ሜዳ መሥራት፥ መዝገብ በሥርዐት መያዝ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ውጤቱም ሲመጣ የጀመረው ሰው ወንበሩ ላይ አይገኝም። ሕዝቡ ተቈጥቶ ሳለ ደብዳቤው ሲጻፍ ቍጣው ይበርዳል፤ የደብዳቤው ጥቅምም ይኸው ብቻ ነው። ጋዜጠኞቻችንም፥ ሁሉም ባይሆኑ፥ በዚያ ጊዜ ከመመርመር ይልቅ መደብደብን መረጡ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደ ተባለ፥ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ስለ አሠልጣኙ ብልሃት ብዙ የጻፈና ያወራ ሰው በጥር 2006 ዓ.ም. አሠላለፍ አያውቅም ለማለት አላፈረም። ዐሥራ አምስት ወር ውስጥ ሰው ይህን ያህል አይለወጥም።

የደብዳቤውን ፍሬ ለማየት ደግሞ ረጅም ጊዜ አልጠየቀም። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ተቀጠሩ። በቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከስድስት ጨዋታ ማሊን በሜዳዋ 3 ለ 2 አሸንፈው፥ ከማላዊ ጋር አንድ ጊዜ አቻ ወጥተው፥ በቀሩት አራቱ ተሸንፈው ከምድቡ መጨረሻ ሆኑ፤ በ2007 ዓ.ም. እርሳቸውም ተሰናበቱ። ይህን የምጠቅሰው እንግዳውን ሰው በተራቸው ለመውቀስ አይደለም፤ እንደዚያ ባደርግ የጻፍሁትን ሁሉ ማፍረሴ ነው። የምለው፥ አሠልጣኙ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሽታው፥ አሠልጣኙ ሲሄድ በሽታውም በሄደ ነበር። ለአፍሪካ ዋንጫ እንደገና የደረስነው በ2014 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው፥ «የሜዳችን» የተባለውን ጨዋታ በማላዊ አገር፥ በሊሎንግዌ ከተማ አድርገን ነው፤ በአገራችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚፈቅደው ስታዲየም አልነበረምና። ያንን ጨዋታ ተሸንፈን ቢሆን ኖሮ የገዛ ሕዝቡን ጩኸት ያልሰማውን ቡድን አሠልጣኝ ውረድ የሚል እንደማይጠፋ ታውቃላችሁ።

ስለ ስድቡ አንድ ነገር ልጨምር። ወቀሳና ስድብ በአንድ አፍ ስለሚወጡ ብዙ ወጣቶች አንድ ይመስሏቸዋል። ወቀሳ የሚወቀሰውን ሰው ሥራ ያውቃል፤ ከዚህ ደቂቃ እስከዚህ ደቂቃ እንዲህ ማድረግ ሲገባህ አላደረግህም ይላል፤ ተወቃሹም መልስ ካለው ይመልሳል፥ ከሌለው ይቀበላል። ስድብ ግን የሰውየውን ዕድሜ፥ አነጋገሩን፥ አለባበሱን ይይዛል፤ ለዚህ መልስ የለውም፤ መልስም አይፈለግበትም። ሽማግሌ የሚሆንን ሰው በሜዳ ዳር ቆሞ ሳለ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በዘፈን ሲሰድበው የሰማ ልጅ፥ ነገ በመሥሪያ ቤቱ አለቃውንም ሆነ ሎሌውን በዚያው ዜማ ቢዳኝ ምን ይደንቃል? ስድቡ ደግሞ የሚጎዳው ተሰዳቢውን ብቻ አይደለም፤ እውነተኛውን ወቀሳም ይሸፍነዋል። በሰውነት ቢሻው ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሁሉም ነገር ስለ ተባለባቸው፥ በእርግጥ ሊመልሱት የሚገባቸው አንድ ጥያቄ በጩኸቱ መካከል ጠፋ።

ያ ጥያቄ ይህ ነበር። ጥር 17 ቀን 2005 ዓ.ም. የቡርኪና ፋሶ ግብ ጠባቂ ከሜዳ ከወጣ በኋላ፥ ኋለኞቹ ልጆች እንዲቆዩ ያዘዛቸው ማን ነበር? ሁለተኛው ግብ ሲገባ ምን ተለወጠ? ሦስተኛው ሲገባስ? ይህን ለመጠየቅ ሦስት ኳስ የሚያውቁ ሰዎችና አንድ ጠረጴዛ ይበቁ ነበር፤ አሠልጣኙም አጥጋቢ መልስ ካልነበራቸው ደብዳቤው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ቢጻፍ እኔም አልቃወምም ነበር። ደብዳቤው ግን የተጻፈው ከዓመት በኋላ፥ ሁለቱ አጥቂዎች በሌሉበት ውድድር ማግሥት ነው።